ዳስ፣ ገጽ ወይስ ቡና? በሒሳብ ጉባኤ ላይ ለመታየት የሚያስቡ ድርጅቶች ምን ይምረጡ?

ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ሲል አዘጋጆቹ ለአሳታሚዎች፣ ለሶፍትዌር ወኪሎች፣ ለባንኮችና ለትምህርት ተቋማት የዋጋ ዝርዝር ይልካሉ። ወርቅ፣ ብርና ነሐስ የተባሉ የስፖንሰር ደረጃዎች፣ የዳስ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የመርሐ ግብር መጽሔት ሙሉና ግማሽ ገጽ፣ ቦርሳ፣ የአንገት ማንጠልጠያ፣ የድረ ገጽ ባነር፤ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድሮ ይመጣል። ዝርዝሩ አዘጋጁ የሚሸጠውን ይናገራል፤ ገዢው የሚያገኘውን ግን አይናገርም። የማስታወቂያ ኃላፊውም «ዓምና በንግድ ትርዒቱ ዳስ ይዘን ነበር፣ ዘንድሮም እንያዝ» ብሎ ይፈርማል። የሒሳብ ጉባኤ ግን ከንግድ ትርዒት ጋር የሚመሳሰለው በባነሩ ብቻ ነው። የሚመጣው ሰው ዕቃ ሊያይ አልመጣም፤ ጽሑፍ ሊያቀርብ፣ የሌሎችን ሊሰማና ለዓመታት በደብዳቤ ብቻ የሚያውቀውን ባልደረባ ሊያገኝ ነው የመጣው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ገንዘብ መክፈል የሚገባው ለስፋት ሳይሆን ሰው ለሚቆምበት ቦታ ወይም ይዞት ለሚሄደው ነገር ነው። ከታች ያሉት አማራጮች ሁሉ የተመዘኑት በዚህ ነው።

በቅድሚያ ጉባኤውን መለየት

ትልቁ የሒሳብ መድረክ እ.ኤ.አ. በ1897 ዙሪክ ላይ የተጀመረው፣ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደውና በሒሳብ ከፍተኛ ክብር ያለው የፊልድስ ሜዳሊያ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበስባል፤ የ2026 አስተናጋጁ ከተማ ፊላደልፊያ ነው። እስካሁን አንድም ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ተካሂዶ አያውቅም። በአህጉራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ራባት ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ኅብረት የራሱ ጉባኤ አለው። ከእነዚህ ውጭ በአንድ ዘርፍ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ከውጭ አጋሮቹ ጋር የሚያዘጋጃቸው አነስተኛ ስብሰባዎች አሉ። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የምናየው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው።

ልዩነቱ የዋጋ ዝርዝሩን ትርጉም ይለውጠዋል። ሦስት ሺሕ ሰው በሚመላለስበት አዳራሽ ትልቅ ዳስ በየሰዓቱ አዲስ ፊት ያገኛል። ሁለት መቶ ሰው በሚመጣበት ስብሰባ ግን ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር እስከ መጀመሪያው ቀን ምሳ ድረስ አይቶ ይጨርሳል፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ዳስዎ የአዳራሹ የቤት ዕቃ ነው። ስለዚህ አዘጋጁን «ስንት ሰው ይጠበቃል?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሰው የምዝገባ ክፍያ ፈጽሟል?» ብለው ይጠይቁ። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ብዙ ጊዜ ይራራቃል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ማን ይመጣል፣ ከሚመጣውስ ውስጥ ገዢው ማን ነው የሚለው ነው። ከሀገር ውስጥ የሚመጡት ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፉን የሚወደው መምህሩ ነው፤ የሚገዛው ግን የግዥ ክፍሉ ነው። መምህሩ ዳስዎ አጠገብ ቆሞ መጽሐፉን አገላብጦ ሲያበቃ «ፕሮፎርማ ትሰጡኛላችሁ?» ይላል። ያን ጊዜ ማኅተም ያረፈበት ፕሮፎርማ በእጅዎ ከሌለ ሽያጩ ከእጅዎ ወጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጉባኤው በግንቦት ወይም በሰኔ ከሆነ መሥሪያ ቤቶች የቀረ በጀታቸውን ለመጨረስ የሚጣደፉበት ወቅት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና አልተከፋፈለም፤ ደንበኛው ፍላጎት ይኖረዋል፣ ክፍያው ግን ወራት ይወስዳል። የአውሮፓና የአሜሪካ መምህራን ዕረፍት የሚወጡት በእኛ ክረምት ስለሆነ ዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ወደ ሐምሌና ነሐሴ ያዘነብላሉ። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በበኩሉ ሻንጣው የአውሮፕላን ኪሎ ገደብ አለበትና ከሁለት መጽሐፍ በላይ አይገዛም።

ሁለተኛው መመዘኛ ሰው የሚቆምበት ጊዜ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። የጉባኤው ቀን ሁለት የ30 ደቂቃ የቡና ዕረፍትና የአንድ ሰዓት ተኩል ምሳ ቢኖረው፣ ሰው ከአዳራሽ ውጭ የሚሆነው በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በአራት ቀን 10 ሰዓት ይሆናል። አንድ ቁም ነገር ያለው ንግግር 5 ደቂቃ ይፈጃል ብንል አንድ ሠራተኛ በሰዓት 12 ሰው፣ በጉባኤው በሙሉ 120 ሰው ሊያነጋግር ይችላል። ይህ ጣሪያው ነው። ምሳውን ትቶ ወደ እርስዎ የሚመጣ ጥቂት ነውና ግማሹን፣ 60ውን መያዝ ይሻላል። የዳሱን ጠቅላላ ወጪ ለ60 ያካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር አንድን ሰው ለአምስት ደቂቃ ለማነጋገር የከፈሉት ነው። በዚያ ገንዘብ ሰውየውን ቢሮው ድረስ ሄዶ ማነጋገር ይቻል እንደነበር የሚገነዘብ ብዙ ነው።

ሦስተኛው፣ ከጉባኤው በኋላ ምን ይቀራል የሚለው ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ከመዝጊያው ንግግር ጋር ይሞታል፤ አንዳንዱ በመደርደሪያ ላይ ዓመት ይቆያል።

አራተኛው ሙሉ ወጪው ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም። ዋጋው በዶላር ወይም በዩሮ ከተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን፣ ስሌቱ በየትኛው ቀን ተመን እንደሚሆን ውሉ ላይ መስፈር አለበት፤ በፊርማው ቀን ወይስ በክፍያው ቀን? ከዚያ የሠራተኛ አበል፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የባነር ኅትመት፣ የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ክፍያ ይከተላሉ።

አምስተኛው ጉባኤው ቢሰረዝ ወይም ቦታው ቢቀየር የሚሆነው ነው። ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሊካሄድ የነበረው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ ወደ በይነ መረብ ተዛውሮ፣ የሽልማት ሥነ ሥርዓቱ ሄልሲንኪ ላይ ተደርጓል። በሥፍራው ዳስ ለመትከል ያሰበ ሁሉ የሚተክልበት አዳራሽ አልነበረውም። ውልዎ «ጉባኤው ወደ በይነ መረብ ቢዛወር» የሚል አንቀጽ ከሌለው ያስገቡ።

ቦታው ዋጋውን ይለውጣል

በመሀል አዲስ አበባ ጉባኤ የሚካሄድባቸው ቦታዎች ለአስተዋዋቂ እኩል አይደሉም። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ውስጥ ያለው አፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመርቆ ከረጅም ጊዜ እድሳት በኋላ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ክብሩ ትልቅ ነው፤ መግቢያው ግን በፍተሻና በቅድመ ምዝገባ ነው። የሠራተኞችዎ ስምና የዕቃው ዝርዝር አስቀድሞ ካልተላከ የመጀመሪያውን ጠዋት በር ላይ ያሳልፉታል። ሽያጭ ይፈቀድ እንደሆነም በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደግሞም 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሮልአፕ ባነር ተክሎ ዓይን እስባለሁ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት የስብሰባ ማዕከልም በጥበቃ ረገድ ከዚህ አይለይም።

ሆቴል ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ የዕቃ መጫኛ በር፣ ጀነሬተርና የሚያዝዙት ሰው አለ። ሆኖም የዳስ ቦታው ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከቡና ጠረጴዛው በየት በኩል እንደሆኑ በወለል ካርታው ላይ ሳያዩ አይፈርሙ። ቡናው ግራ፣ ዳሱ ቀኝ ከሆነ ሰው ወደ ግራ ይሄዳል።

አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ተማሪና መምህር ሳይጠሩት ይመጣል። ለመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚና ለሥራ ቀጣሪ ከሁሉም የተሻለው ቦታ ይህ ይመስለኛል። ጉድለቱ የኤሌክትሪክ ሶኬት እጥረትና፣ ዳሱ በግቢው ውስጥ በድንኳን ከሆነ ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ነው። ካርቶን መጽሐፍ አንድ ከሰዓት በኋላ ከረጠበ የሚሸጥ ነገር አይቀርም።

አማራጮቹ

*ሙሉ ዳስ።* በተለምዶ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለትም 9 ካሬ ሜትር፣ ሦስት ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሶኬት ነው። ባዶ ወለል ብቻ የሚከራይበት አማራጭም አለ፤ በካሬ ሜትር ሲታይ ይረክሳል፣ ግድግዳውን ራስዎ ሲሠሩት ግን ይወደዳል። ዳስ የሚያዋጣው የሚሠራ ነገር ለሚያሳይ ነው፤ ማትላብ ወይም ማቴማቲካ የመሰለ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሸጥ ወኪል ተጠቃሚው ቁጭ ብሎ የራሱን ችግር እንዲሞክር ማድረግ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ወኪል ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «ሴጅማዝ፣ ፓይተንና ጂኦጀብራ ያለ ክፍያ እያሉ ለምን እገዛለሁ?» መልሱ ከአፉ ላይ ካልወጣ ዳሱ ገንዘብ ያስከፈለ መሸማቀቂያ ይሆናል።

የመጽሔት አሳታሚ ወኪሎችም ተመሳሳይ ፈተና አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የፊልድስ ተሸላሚው ቲሞቲ ጋወርስ ያነሳሳው ኤልሴቪየር የተባለውን የመጽሔት አሳታሚ የማግለል ዘመቻ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ አልተረሳም። የመጽሔቶችን የደንበኝነት ዋጋ የሚጠይቅ ፕሮፌሰር መምጣቱ አይቀርም፤ ዳሱ ላይ የሚቆመው ሰው መልስ ይዞ ይቁም።

በዳስ ላይ ትልቁ የገንዘብ ብክነት ከሠራተኛ ምርጫ የሚመጣ ነው። ዩኒፎርም ለብሶ ፈገግ የሚል አስተናጋጅ በሞባይል ስልክ ትርዒት ላይ ይሠራል። እዚህ ግን የመጀመሪያው ጎብኚ «ይህ መጽሐፍ የሜዠር ንድፈ ሐሳብን ከየት ይጀምራል?» ብሎ ይጠይቃል። ከአራት ኪሎ አንድ የማስተርስ ተማሪ ለአራት ቀን መቅጠር ከማንኛውም ባነር የበለጠ ዋጋ አለው። ሽያጭ ከኖረ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ወደ ጊዜያዊው ቦታ የሚሄድበትን ፈቃድ ከግብር ጽሕፈት ቤቱ ጋር ቀድመው ይጨርሱ፤ ለውጭ እንግዶች የካርድ መክፈያ ማሽን ያስፈልጋል፤ ቴሌብር ያለው ሁሉም አይደለም።

ስለ ጥበቃ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ካውቸር ቢርካር የፊልድስ ሜዳሊያውን በተቀበለ በደቂቃዎች ውስጥ ቦርሳው ተሰርቋል፤ ምትክ ሜዳሊያ ተሰጠው። በዓለም ትልቁ የሒሳብ ጉባኤ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ ከጠፋ በእርስዎ ዳስ ላይ ያለው ላፕቶፕ አይጠፋም የሚል የለም። ማታ ማን እንደሚጠብቅ ይጠይቁ።

*የጠረጴዛ ማሳያ።* አንድ ጠረጴዛና አንድ ባነር ነው። ከሦስት መቶ ሰው በታች በሚሰበስብ ጉባኤ ላይ ዳስ የሚሰጠውን ጥቅም አብዛኛውን ይሰጣል፤ ከቡናው አጠገብ ሊቀመጥ መቻሉ ደግሞ ከዳስ የሚበልጥበት ነው። የሀገር ውስጥ መጽሐፍ መደብርና አሳታሚ ከዚህ በላይ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

*የጋራ የመጽሐፍ ማሳያ።* አሳታሚው መጻሕፍቱን ይልካል፤ አዘጋጁ በአንድ የጋራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ክፍያው በመጽሐፍ ብዛት ነው። ሠራተኛ መላክ ለማይችል የውጭ አሳታሚ ወይም ሦስት አርእስት ብቻ ላለው ደራሲ ይስማማል። በመጨረሻው ቀን መጻሕፍቱ ወዴት ይሄዳሉ የሚለውን አስቀድመው ይወስኑ። የማሳያ ቅጂዎቹን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መስጠት ከመልሶ መጫን ይረክሳል፤ ስምዎም እዚያው ይቀራል።

*የመርሐ ግብር መጽሔት ማስታወቂያ።* ዋጋው ከሁሉ ከፍ የሚለው የጀርባው ሽፋን ነው። እኔ ብመርጥ ግን የዕለቱ ሰሌዳ ካለበት ገጽ ትይዩ ያለውን እመርጣለሁ። ተሳታፊው የሚቀጥለው ንግግር በየትኛው ክፍል እንደሆነ ለማየት መጽሔቱን ሲገልጥ የሚያየው እሱን ነው፤ የጀርባው ሽፋን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይውላል። ከመክፈልዎ በፊት ግን መጽሔቱ በእርግጥ ይታተማል ወይ ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ጉባኤዎች መርሐ ግብሩን በፒዲኤፍ ብቻ እየላኩ የኅትመት ዋጋ ይጠይቃሉ።

ለኅትመት የሚላከው ገጽ መጠኑ ኤ4 ከሆነ 210 በ297 ሚሊ ሜትር፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ፣ ሥዕሉ በኢንች 300 ነጥብ መሆን አለበት። መጽሔቱ አራት ኪሎ ባለው ብርሃንና ሰላምም ይታተም በግል ማተሚያ ቤት፣ ወረፋ መኖሩን አስበው ከቀነ ገደቡ ቀደም ብለው ያስረክቡ። ቀነ ገደቡ ራሱ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ ወይስ በውጭ አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ የውጭ አዘጋጅ ኮሚቴ ሲኖር በዚህ ምክንያት ያለፈበት ማስታወቂያ ብዙ ነው።

ይዘቱ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጌጥ ተብሎ የተለጠፈ ቀመር ስሕተት ካለበት ገጹ በጉባኤው ሁሉ ይዞራል፤ ለጥሩ አይደለም። የአንስታይንን የጉልበትና የግዝፈት ቀመር ማስቀመጥም አያዋጣም፤ እሱ የፊዚክስ ነው። ከምዕራብና ከሰሜን አፍሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ስለሆኑ፣ አህጉራዊ ጉባኤ ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገር ፈረንሳይኛ መጨመር ጎረቤት ማስታወቂያዎች የሌላቸውን ነገር ይሰጥዎታል።

*የቦርሳ ውስጥ ወረቀትና ስጦታ።* በራሪ ወረቀት ርካሽ ነው፤ ዕጣውም እንደ ዋጋው ነው፤ በሆቴሉ ክፍል የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ያድራል። የአንገት ማንጠልጠያ በፎቶግራፍ ሁሉ ላይ ይታያል፤ ይሁንና ማንም አንብቦት ምንም አያደርግም። ለአለቃ የሚቀርብ ሪፖርት ግን ያሳምራል። ለስም ማስተዋወቅ ለሚፈልግ ባንክ ይበቃል።

ከስጦታዎች ሁሉ የማምነው ደብተር ነው። የሒሳብ ሰው በንግግር መሀል ይጽፋል፣ በምሳ ላይ ይጽፋል፣ ለባልደረባው ማስረጃውን ሲያብራራ ይጽፋል። መስመር የሌለው ወይም ባለ አራት ማዕዘን መስመር፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ ዓርማዎ በየገጹ ግርጌ በትንሹ። ቀለም የሚያሰርግ ስስ ወረቀት ከሆነ ግን አይሞክሩት። በሁለተኛው ቀን የሚደርቅ እስክሪብቶ ደግሞ ስም ያጠፋል። ጠመኔም ሊታሰብ ይችላል። የጃፓኑ ሃጎሮሞ ጠመኔ አምራች እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲያቆም በየሀገሩ ያሉ የሒሳብ መምህራን ለዓመታት የሚበቃቸውን ያህል ገዝተው አከማችተዋል፤ ኋላ ምርቱ በኮሪያ ቀጠለ። ለተናጋሪዎች አንድ አንድ ፓኮ ጥሩ ጠመኔ የሚሰጥ ድርጅት ስሙ ይነሣል።

*ዲጂታል ማስታወቂያ።* የጉባኤው ድረ ገጽ ባነር፣ የስልክ መተግበሪያና ለተመዝጋቢዎች የሚላክ ኢሜይል ናቸው። ባነሩን ማንም ልብ አይልም። ኢሜይሉ ግን ከጉባኤው ሳምንት በፊት፣ አዘጋጁ ከሚልከው የመጓጓዣና የሆቴል መረጃ ጋር ተያይዞ ከሄደ ይነበባል። የተሳታፊዎችን የኢሜይል ዝርዝር «እንሸጥልዎታለን» የሚል አዘጋጅ ካጋጠመዎት ይለፉት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ያለ ዝርዝር መቀበል ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው። አዘጋጁ ራሱ ይላክልዎት።

*የቡና ዕረፍት ስፖንሰርነት።* ከሁሉም አማራጮች ለዋጋው ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ተሳታፊው ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ እጁ ባዶ ሆኖ ተሰልፎ ይቆማል። የጀበና ቡና ማዕዘን ከሆነማ ሰልፉ ይረዝማል፤ የውጭ እንግዳው ጀበናውን ፎቶ ያነሣል፣ የእርስዎም ስም በፎቶው ውስጥ ይገባል። አቦልን ጠጥቶ ቶናን የሚጠብቅ ፕሮፌሰር ከዳስ ጎብኚ ይልቅ ረጋ ብሎ ያወራል።

ዝርዝሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአብዛኞቹ አዳራሾች ውስጥ የከሰል ጭስና ዕጣን የእሳት ማስጠንቀቂያውን ስለሚቀሰቅስ አይፈቀድም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘው ይሂዱ ወይም በረንዳ ይጠይቁ። በአንድ ጀበና ሁለት መቶ ሰው አይስተናገድም፤ የማሽን ቡናና ሻይ ጎን ለጎን መኖር አለበት። ረቡዕና ዓርብ የጾም ብስኩት ወይም ቆሎ ይቅረብ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሆነ ፍልሰታ ነውና በየቀኑ። የሀገር ውስጥ ተሳታፊው ግማሽ ያህሉ የማይበላውን ኬክ ስፖንሰር ማድረግ ብክነት ነው። አንዱን ዕረፍት ብቻ ለመግዛት ከቻሉ የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ይምረጡ። በመጀመሪያው ቀን ሰው ምዝገባ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ብዙ ጉባኤዎች ከሰዓት በኋላውን ለጉብኝት ይለቁታል፤ በመጨረሻው ቀን ግማሹ አየር ማረፊያ ነው።

*የተማሪ ጉዞ ድጋፍና ሽልማት።* ለወጣት ተመራማሪዎች የጉዞና የመኝታ ወጪ መሸፈን፣ ወይም ለምርጥ ፖስተር ሽልማት መስጠት። ወዲያው የሚሸጥ ነገር የለውም። ነገር ግን በመክፈቻና በመዝጊያ ላይ ስሙ የሚጠራው፣ በጉባኤው ዘገባ ላይም የሚታተመው ይህ ነው። የሒሳብ ማኅበረሰብ ማስታወቂያን በጥርጣሬ ያያል፤ ተማሪን የሚረዳን ግን ያከብራል። የመረጃ ተንታኝና አክቹዋሪ (የመድን ሥጋትን በሒሳብ የሚያሰላ ባለሙያ) ለሚፈልጉ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ደግሞ የተረዱት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ራሱ የምልመላ መዝገብ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ወጪ | ሰው የሚቆይበት ጊዜ | ከጉባኤው በኋላ የሚቀረው | ዋናው ሥጋት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ዳስ | ከፍተኛ | በዕረፍት ሰዓት ብቻ | የተሰበሰቡ አድራሻዎች | ከሁለተኛው ቀን በኋላ ባዶ መሆን | ሶፍትዌር ወኪል፣ ትልቅ አሳታሚ |
| ጠረጴዛ | መካከለኛ | እንደ ዳስ | ሽያጭ፣ ፕሮፎርማ | መጥፎ ቦታ ላይ መመደብ | የሀገር ውስጥ አሳታሚና መጽሐፍ መደብር |
| የጋራ መጽሐፍ ማሳያ | ዝቅተኛ | አጭር | መጻሕፍቱ በቤተ መጻሕፍት | የሚያስረዳ ሰው አለመኖር | የውጭ አሳታሚ፣ ደራሲ |
| የመጽሔት ገጽ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | አጭር፣ የሚደጋገም | መጽሔቱ | አለመታተም፣ መዘግየት | የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም፣ አሳታሚ |
| በራሪ ወረቀትና ማንጠልጠያ | ዝቅተኛ | የለም | ፎቶግራፍ ብቻ | መጣል | ስም ማስተዋወቅ የሚበቃው |
| ደብተርና ጠመኔ | መካከለኛ | ረጅም | ደብተሩ ራሱ | ጥራት የሌለው ዕቃ | ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ተቋም |
| ኢሜይል | ዝቅተኛ | አጭር | አድራሻና አገናኝ | አለመከፈት | ዳስ ላለው ማጠናከሪያ |
| የቡና ዕረፍት | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ረጅም | ትውስታ፣ ፎቶ | የጾምና የጭስ ጉዳይ | ባንክ፣ ሶፍትዌር፣ ቡና ላኪ |
| የተማሪ ድጋፍ | እንደ ፍላጎት | በመድረክ ላይ | በዘገባው ስም፣ ዕውቂያ | ፈጣን ሽያጭ መጠበቅ | ቀጣሪ፣ ባንክ |

ለማን የቱ?

የሀገር ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚ ከሆኑ ጉባኤው አራት ኪሎ ግቢ ላይ ሲሆን ብቻ በሙሉ ልብ ይግቡ። ጠረጴዛ ይከራዩ፣ የማስተርስ ተማሪ ይቅጠሩ፣ ማኅተም ያለው ፕሮፎርማ ይያዙ። ጉባኤው በጥበቃ በተከበበ ግቢ ውስጥ ከሆነ የጋራ ማሳያውና አንድ ግማሽ ገጽ ይበቃሉ።

የሶፍትዌር ወኪል ዳስ ቢይዝ ገንዘቡ አይባክንም፤ ግን የሁለተኛውን ቀን የቡና ዕረፍት ቢጨምርበት ዳሱ ጥቅም ይኖረዋል። በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ ዳሱን ትቶ ቡናውን ከጠረጴዛ ጋር ይያዝ። የአዳራሹ ጀነሬተር የዳሶቹን ሶኬቶች ይሸፍን እንደሆነ ሳይጠይቅ ግን አይፈርም። መብራት የጠፋበት የሶፍትዌር ዳስ ማሳየት የሚችለው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው።

ባንክና ኢንሹራንስ ከወርቅ ስፖንሰርነት ይልቅ የተማሪ ድጋፍና ደብተር ይግዙ። የወርቅ ደረጃው ብዙ ጊዜ በትልቅ ባነር ላይ ያለ ትልቅ ዓርማ ነው፤ መጠኑን የሚያስተውለው ጎን ያለው ተፎካካሪ ባንክ ብቻ ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ አውጥተው ዋጋ ይጠይቁ፤ አብዛኞቹ አዘጋጆች ነጣጥለው ይሸጡልዎታል፣ በተለይ ጉባኤው ሲቃረብና ያልተሸጠ ነገር ሲኖራቸው።

ተማሪ የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምን ከመሰሉ ሙሉ ድጋፍ ከሚሰጡ ማዕከሎች ጋር እንደሚወዳደር ይወቅ። ስለዚህ በመጽሔቱ ላይ የሚያወጣው ገጽ የሕንፃ ፎቶ ሳይሆን የድጋፍ ክፍያውን መጠን፣ የአማካሪዎችን የጥናት ዘርፍና የማመልከቻ ቀነ ገደብ ይያዝ።

ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው ደራሲ ወይም ትንሽ ጀማሪ ድርጅት አንድ መንገድ አለ፤ እንደ ተሳታፊ መመዝገብ። የምዝገባ ክፍያው ከማንኛውም ጠረጴዛ ይረክሳል፣ ለሀገር ውስጥ ተሳታፊዎችም ብዙ ጊዜ ቅናሽ አለው፤ የአንገት መታወቂያው ደግሞ ወደ ቡናው ሰልፍ ያስገባል። በመተላለፊያው ላይ መሸጥና ወረቀት ማደል ግን ዳስ ባልተከራየ ሰው ላይ የተከለከለ ነውና አይሞክሩት። የመማር ማስተማር ክፍለ ጊዜ ካለ አጭር ጽሑፍ ያቅርቡ፤ መጽሐፍዎን በመጨረሻው ስላይድ ላይ በአንድ መስመር ይጥቀሱት። የጽሑፍ ማጠቃለያ ማስገቢያ ቀን ከዳስ ማስያዣው በወራት ስለሚቀድም ከሁሉ በፊት እሱን ይመልከቱ።